ግራዲየስ 3ን ሳይንቀራፈፍ ለመጫወት

የጠፈር መርከብ ተኩስ ጌም የሆነው ግራዲየስ 3 በሱፐር ኒንቴንዶ ኮንሶል ላይ ጥይት ሲበዛ እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። በ2019 ብራዚላዊው ፕሮግራመር ቪቶር ቪሌላ ጌሙን ኤስኤ-1 በሚባለው ፈጣን ቺፕ የሚያስኬድ ፓች (የጌሙን ፋይል የሚቀይር ትንሽ ፋይል) በነፃ ለቀቀ።

ከራስህ ካርትሪጅ (የጌሙ ካሴት) የጌሙን ፋይል ገልብጥ። ከዛ ፍሊፕስ የምትባለዋን ትንሽ ፕሮግራም ክፈትና «አፕላይ ፓች» የሚለውን ተጫን፣ ቀድሞ ፓቹን ቀጥሎ ጌሙን ምረጥ፣ ዋናው ፋይል እንዳይነካ በሌላ ስም ሴቭ አድርገው። አልቀበልም ካለህ ቅጂህ ሌላ እትም ሊሆን ይችላል፤ አትታገለው።

ኮምፒውተር ላይ ስኔስ9ኤክስ የሚባለው፣ ኮንሶሉን የሚያስመስል ፕሮግራም ይበቃል። በእውነተኛው ኮንሶል ከሆነ ግን የምትገዛው ፍላሽ ካርትሪጅ (የጌም ፋይል የሚጫንበት ካርትሪጅ) ኤስኤ-1ን መቻሉን ሳታረጋግጥ ብር እንዳታወጣ፤ ኤስዲ2ስኔስ የሚባለው ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ድሮ መንቀራፈፉ ከጥይት ለማምለጥ ፋታ ይሰጥህ ነበር። አሁን እሱ የለም፣ ከ«ኢዚ» (ቀላሉ ደረጃ) ጀምር።