የፓሸንን ኩርባ በላቦራቶሪ መለካት

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፍሪድሪክ ፓሸን እ.ኤ.አ. በ1889 ያሳየው ሕግ አጭር ነው። በሁለት ጠፍጣፋ ኤሌክትሮዶች መካከል ያለ ጋዝ በስንት ቮልት እንደሚቀጣጠል፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ጀምሮ እንደሚፈካ፣ የሚወስነው የግፊቱና የርቀቱ ብዜት ነው። ብዜቱ ሲያንስ ቮልቴጁም ይወርዳል፤ አንድ ዝቅተኛ ነጥብ ላይ ከደረሰ በኋላ ግን ተመልሶ ሽቅብ ይወጣል፤ ይህ የፓሸን ኩርባ ይባላል። የአየር ዝቅተኛ ነጥብ 330 ቮልት ገደማ ነው፤ ብዜቱም ወደ 0.6 ቶር-ሴንቲ ሜትር ይጠጋል (ቶር የግፊት መለኪያ ነው)።

ዲያሜትራቸው 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ሁለት የማይዝግ ብረት ዲስኮች ያዘጋጁ። ጠርዛቸው በደንብ ተሞርዶ ይደብዝዝ፤ ስለታም ጠርዝ የኤሌክትሪክ መስኩን ስለሚሰበስብ ጋዙ ያለጊዜው ይቀጣጠላል። ዲስኮቹን በ5 ሚሊ ሜትር አራርቀው ትይዩ አድርገው አየሩ በፓምፕ በሚመጠጥ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያስሩ። የዲስኮቹን ጀርባና ዘንጎቹን በመስታወት ወይም በሴራሚክ ይሸፍኑ።

ከ0 እስከ 1000 ቮልት በሚሰጠው ምንጭና በአኖዱ (በፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ) መካከል አምስት ባለ 100 ኪሎ ኦም፣ ባለ 1 ዋት ሬዚስተሮችን በተከታታይ ያስገቡ። አንድ ብቻውን 1000 ቮልት አይችልም፤ አምስቱ ሲካፈሉት ግን ለእያንዳንዱ 200 ይደርሰዋል፣ ጅረቱም ከ2 ሚሊ አምፔር አያልፍም። ቮልት ሜትሩን ከሬዚስተሮቹ በፊት፣ በምንጩ በኩል ያስሩ። በኤሌክትሮዶቹ ላይ ከታሰረ ጋዙ በተቀጣጠለበት ቅጽበት ንባቡ ይወድቅና ቁጥሩ ያመልጣል።

ዕቃውን ከ0.05 ቶር በታች እስኪደርስ ይምጠጡ፤ ከዚያ በሲሊካ ጄል የደረቀ አየር በኒድል ቫልቭ (አየርን በጥቂት በጥቂቱ በሚያሳልፍ ቫልቭ) ያስገቡና እንደገና ይምጠጡ። ግፊቱን 1 ቶር አካባቢ አድርገው ለ10 ደቂቃ ያህል ፍካቱን ያቆዩ። ይህ ኤሌክትሮዶቹን ያጸዳል፤ ካልተደረገ የመጀመሪያዎቹ ንባቦች ከፍ ብለው ይበታተናሉ።

አሁን ከ10 ቶር ይጀምሩ። ቮልቴጁን በሰከንድ ከ5 ቮልት ባልበለጠ ፍጥነት ያሳድጉ፤ ሮዝ ቀላቅሎ ወይን ጠጅ የሆነው ፍካት ብቅ ሲል ንባቡን ይጻፉ። በየግፊቱ አምስት ጊዜ ይድገሙ። ጋዙ ለመቀጣጠል አንድ ነጻ ኤሌክትሮን መጠበቅ ስላለበት ቶሎ የተጠመዘዘ ቁልፍ ቮልቴጁን አጋኖ ያሳያል። ወደ 5፣ 3፣ 2 ቶር ይውረዱ። ከ2 እስከ 0.6 ቶር ባለው ክልል ነጥቦቹን ያጠጋጉ፤ ዝቅተኛው ነጥብ እዚያ ነው። ሽቦ ከመንካት በፊት ምንጩን አጥፍተው በውስጡ ያለውን ካፓሲተር ያራግፉ፤ ዕቃው ባዶ እያለም የዓይን መከላከያ አይውለቅ።

ትልቁ ፈተና ከዝቅተኛው ነጥብ በስተግራ ነው። እዚያ ጋዙ ስስ ስለሆነ ኤሌክትሮኖች በአጭሩ መንገድ ላይ በቂ ግጭት አያገኙም፤ ፍካቱ ረጅሙን መንገድ መርጦ በጀርባ ይዞራል፣ ኩርባውም መውጣት ሲገባው ጠፍጣፋ ይሆናል። ፓሸን በሙንስተር በረዳትነት ያገለገለው ዮሃን ቪልሄልም ሂቶርፍ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ይህንኑ ረጅም መንገድ የመምረጥ ጠባይ በሙከራ አሳይቷል። የጀርባው መሸፈኛ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ፍካቱ ከዲስኮቹ ውጭ ከታየ ያ ንባብ ይሰረዝ።

በመጨረሻ ርቀቱን 10 ሚሊ ሜትር አድርገው ግፊቶቹን በግማሽ ቀንሰው ይድገሙት። ሁለቱን ስብስቦች በብዜቱ ላይ ሲነድፉ በአንድ ኩርባ ላይ መተኛት አለባቸው። ግራው ብቻ ካልገጠመ ጀርባውን ይመርምሩ፤ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ የተለካውን ርቀት ወይም የግፊት ጌጁን ዜሮ ያስተካክሉ።