የውድድር ዱባዬን አንገት ከመሰንጠቅ እንዴት እንዳዳንሁት

ለሚዛን ውድድር የማሳድገው ‹አትላንቲክ ጃይንት› የተባለው ዝርያ ዱባ በፍጥነት መፋፋት በጀመረበት ወቅት፣ ፍሬው ከሐረጉ ጋር በሚያያዝበት አንገት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ ታየች። ይህ ዝርያ በቀን ከ15 ኪሎ ግራም በላይ ሊጨምር ስለሚችል፣ እንዲህ ያለው ስንጥቅ ሳይውል ሳያድር ወደ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል፤ እስከ ውስጠኛው ክፍት ቦታ የዘለቀ ስንጥቅ ያለበት ዱባ ደግሞ የቱንም ያህል ቢከብድ ከውድድር ውጪ ይሆናል።

ምክንያቱን ያገኘሁት ሐረጉን በጣቴ እየተከተልሁ ስፈትሽ ነው። ከየአንጓው የወጡት ሥሮች ሐረጉን ከመሬት ጋር አጥብቀው ይዘውታል፤ የዱባው ትከሻ ግን እየሰፋ ሐረጉን ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ውጥረቱ በሙሉ የሚያርፈው አንገቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከፍሬው ግራና ቀኝ እስከ አንድ ሜትር ያህል ያሉትን ሥሮች ቆርጬ ሐረጉን ነጻ አወጣሁት። ፍሬው ከብዶ ስለነበር የማንቀሳቅሰው ሐረጉን ነበር፦ ሙቀቱ ሐረጉን በሚያለሰልስበት የከሰዓት በኋላ ሰዓት፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እየሳብሁ፣ አንገቱና ሐረጉ ቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) እንዲሠሩ አደረግሁ። ይህን ሥራ ፍሬው ገና የኳስ ያህል ሳለ መሥራት እጅግ ይቀላል።

ስንጥቋን በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ የድኝ ዱቄት ነሰነስሁባት፤ ዝናብና ጠል እንዳይነካትም ከላይ ዳስ ሠራሁ። ውኃውንም አንድ ቀን አትረፍርፎ ሌላ ቀን ከመንፈግ ይልቅ በየቀኑ በእኩል መጠን ማጠጣት ጀመርሁ። ስንጥቋ ደርቃ ቅርፊት አበጀች፣ ከዚያም ወዲያ አልሰፋችም፤ ዱባውም በዳኞች ፍተሻ አልፎ ተመዘነ።