የመጀመሪያው ሻርፕ ለምን ይጣመማል? የጀማሪ ሹራብ ሠሪ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የመጀመሪያ ሻርፔን በ30 ቀለበት ጀመርኩ። ክንድ ያህል ሠርቼ ስቆጥር 41 ሆኗል። አክስቴ ዘርግታ አየችውና «ልጄ፣ ይሄ ሻርፕ ነው ድንኳን?» አለችኝ። ፈታሁት። እንደገና ጀመርኩ፤ እንደገና ሰፋ። ጥፋቱ በየረድፉ መጀመሪያ ላይ እንደሚፈጠር የገባኝ ሦስተኛው ላይ ነው። የጀማሪ ጣጣ አብዛኛው ከዚያው ከጫፍ ይነሣልና ከሱ ልጀምር።

መርፌው ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን ዙር «ቀለበት» እላታለሁ። ሻርፑ በቀላሉ መንገድ፣ ሁሉም ረድፍ በቀጥታ (ክሩ ከኋላ ሆኖ መርፌው ከፊት ወደ ኋላ እየገባ) ብቻ የሚሠራ ነው ብለን እንነሣ። መካከለኛ ውፍረት ያለው ክርና 5 ሚሊ ሜትር መርፌ ይበቃል። ክሩ ፈካ ያለ ቀለም ይሁን። መብራት በጠፋበት ማታ በሻማ ጥቁር ክር ይዤ የተቀመጥኩበትን ቀን አልረሳውም።

ጠባብ ጀምሮ እየሰፋ ይሄዳል

ረድፍ ጨርሳችሁ ሥራውን ስታዞሩ የመጀመሪያዋን ቀለበት ልብ ብላችሁ እዩዋት። ክሩን በመርፌው አናት አሻግራችሁ ወደ ኋላ ከጎተታችሁት፣ ቀለበቷ ከሥር ተስባ ትወጣና ሁለት እግሯ መርፌው ላይ ይጋልባል። ሁለት ቀለበት ትመስላለች። እናንተም እንደ ሁለት ትሠሯታላችሁ። እንዲህ 11 ጊዜ ስትሳሳቱ 30ው 41 ይሆናል።

መፍትሄው ትንሽ የእጅ ልማድ ነው። ካዞራችሁ በኋላ ክሩን መጀመሪያ ወደ ፊትና ወደ ታች ሳብ አድርጉት። ቀለበቷ ተሰብስባ አንድ ትሆናለች። ከዚያ ክሩን በመርፌው ሥር አሳልፋችሁ ወደ ኋላ ውሰዱትና መሥራት ጀምሩ።

የተጨመረው መሐል ላይ ከሆነና አጠገቡ ክፍተት ካለ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሳይታወቃችሁ ክሩ መርፌው ላይ ተጠምጥሟል፤ ወይ ደግሞ መርፌው ክሩን ለሁለት ሰንጥቆ ገብቷል። አንድ ብቻ ከሆነና ቶሎ ካያችሁት፣ ቀጣዩ ረድፍ ላይ ሁለት ቀለበት ባንድ ላይ ሠርታችሁ ቁጥሩን መልሱት። ማንም አያይባችሁም። አምስት ስድስት ከሆነ ግን መፍታት ይሻላል። እየጠበበ የሚሄድ ከሆነም ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፦ ሁለቱን ባንድ ሠርታችኋል፣ ወይም አንዷ ወድቃለች።

ለማንኛውም ረድፍ በጨረሳችሁ ቁጥር ቁጠሩ። ያሰለቻል፤ ክንድ ሙሉ ሥራ መፍታት ግን ይብሳል።

አንድ ቀለበት አምልጣ መሰላል ሠራች

ጀማሪ እዚህ ላይ ደንግጦ መርፌውን ይመዛል። አትምዙ! ያመለጠችውን ቀለበት መጀመሪያ በመርፌ ቁልፍ ያዟት። ከዚህ በላይ አትወርድም። አሁን ተረጋግታችሁ ተቀመጡ።

የዳንቴል መሥሪያ ኪሮሽ ካለ አምጡ። ቀለበቷን በኪሮሹ ያዙ። ከበላይዋ የተጋደመውን የመሰላሉን የመጀመሪያ እርከን ከቀለበቷ ኋላ አድርጋችሁ፣ በኪሮሹ ጎትታችሁ በውስጧ አሳልፉት። አንድ እርከን ወጣችሁ ማለት ነው። ሁሉም ረድፍ ቀጥታ በሆነው ሥራ ላይ ግን አንድ ጣጣ አለ፤ አንዱ እርከን በፊት ለፊት ሲነሣ ቀጣዩ በጀርባ ይነሣል። ስለዚህ እያንዳንዱን እርከን ካነሣችሁ በኋላ ጨርቁን ገልብጡት። እላይ ስትደርሱ ቀለበቷን ሳትጠመዝዙ ግራ መርፌው ላይ መልሷት።

ቶሎ ቶሎ የሚያመልጣችሁ ከሆነ ምናልባት መርፌው ይሆናል። የብረቱ ያንሸራትታል፤ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ክሩን ያዝ ያደርገዋል።

ቀለበቶቹ ጠብቀው መርፌው አልገባም አለ

ይሄ የፍርሃት ሥራ ነው። እንዳያመልጠን ብለን ክሩን አንቀን እንይዛለን። ሌላው ምክንያት በመርፌው ሹል ጫፍ ላይ ብቻ መሥራት ነው። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ የምትወጣው ቀለበትም ጠባብ ትሆናለች። እያንዳንዷን ቀለበት እስከ ወፍራሙ የመርፌው ክፍል ግፏት፤ ልኳን የሚሰጣት እሱ ነው። መነሻው ወይም መዝጊያው ብቻ ከጠበቀ፣ ለእነዚያ ረድፎች ወፈር ያለ መርፌ ተጠቀሙ።

ጠርዙ ይጠቀለላል

በቀጥታ ብቻ የሠራ ሰው ይሄ አያገኘውም። የሚያገኘው አንድ ረድፍ ቀጥታ፣ አንድ ረድፍ ግልብጥ (ክሩ ከፊት ሆኖ መርፌው ከኋላ ወደ ፊት እየገባ) እያለ ከፊት ልስልስ ያለ ጨርቅ የሠራውን ነው። ጎንና ጎኑ ወደ ኋላ፣ ላይና ታቹ ወደ ፊት ይጠቀለላል። ስህተት አልሠራችሁም፤ ፊቱና ጀርባው እኩል ስላልሆነ የጨርቁ ባሕርይ ነው። በካውያ እገራዋለሁ ካላችሁ ትደክማላችሁ። የአክሪሊክ ክር ከሆነማ ትኩስ ካውያ ሕይወቱን ያወጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይመለስም። መፍትሄው ከመነሻው ነው፦ በግራና በቀኝ አራት አራት ቀለበት፣ ከላይና ከታች ደግሞ ስድስት ስድስት ረድፍ በቀጥታ ብቻ ሥሩ።

ኮፍያው ጭንቅላቴ አልገባም አለ

ለወንድሜ የሠራሁት ኮፍያ የጎረቤት ሕፃን ነው ያደረገው። መመሪያው በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ቀለበት ይላል፤ ለ50 ሳንቲ ሜትር ዙሪያ 100 ጫንኩ። የኔ እጅ ግን ጠበቅ ይላል፤ በ10 ሳንቲ ሜትር 23 ነው የሚያስገባው። 100ን ለ23 አካፍላችሁ በ10 ስታባዙት 43.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ያ ደግሞ የሕፃን ልክ ነው።

ስለዚህ ልክ ያለው ነገር ከመጀመራችሁ በፊት 15 ሳንቲ ሜትር በ15 የሆነች መሞከሪያ ሥሩ። ጠርዙ ስለሚያታልል መሐሏን 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ለኩ። ቀለበቱ ከበዛ መርፌ አወፍሩ፤ ካነሰ አቅጥኑ። ለሻርፕ ይሄን ሁሉ አትጨነቁ። አንገት ልክ አይጠይቅም።

መሐል ላይ የቀለም መስመር ወጣበት

ክሩ አልቆባችሁ ሌላ ቀን «ያው ቀለም ነው» ተብሎ የተሸጠላችሁ ነው። አንድ ቀለም በተለያየ ጊዜ ሲነከር መጠነኛ ልዩነት ያመጣል። የሚበቃችሁን በአንድ ጊዜ ግዙ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው የንክር ቁጥርም አንድ መሆኑን እዩ። ከገዛችሁ በኋላ ካወቃችሁ፣ ለጥቂት ረድፎች ሁለቱን ክር እያፈራረቃችሁ ሥሩ። መስመሩ ይደበዝዛል።

ትቼው ስመለስ ወዴት እየሠራሁ እንደነበር ጠፋኝ

ረድፉ መሐል ላይ ተነሥታችኋል። ስትመለሱ መርፌዎቹን አቀያይራችሁ ከያዛችሁ ወደመጣችሁበት ትመለሳላችሁ። ያኔ ቀዳዳ ይፈጠራል፤ አንዱ ጎን ከሌላው በሁለት ረድፍ ይበልጣል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ ወደ ድውሩ የሚሄደው ክር የተንጠለጠለበት መርፌ ቀኝ እጅ ላይ ይሁን። ግራኝ ሆናችሁ በግራ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ግራ ላይ። ከሁሉ የሚሻለው ግን «ቡና ደርሷል፣ ኑ» ስትባሉ «መጣሁ» ብላችሁ ረድፉን መጨረስ ነው።