ልጃችሁ ኦቲዝም ካለበትና እናንተ ውጭ ከሆናችሁ

እናት ሪያድ ወይም ቤይሩት ትሠራለች። ልጁ አዲስ አበባ፣ አያቱ ጋ ነው። አራት ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዞር አይልም። ሰፈሩ ግን ፍርዱን ጨርሷል፦ «እናቱ ጥላው ሄዳ ነው እንጂ!» ይሄን ወሬ አትስሙ። ኦቲዝም ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ነው። ወላጅ ስለራቀ ወይም ስለተረገመ አይመጣም።

መጀመሪያ የሕፃናት ሐኪም ይየው፤ ጆሮውም ይመርመር። ሲበላ፣ ሲጫወትና ሲናደድ አጫጭር ቪዲዮ ይቀረጽለት። ሐኪም ፊት ሌላ ልጅ ሊመስል ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፤ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ለገዛ ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ሲያጡ የመሠረቱት ነው። ነህምያ የሚባል የኦቲዝም ማዕከልም አለ። ቦታ በቀላሉ ስለማይገኝ ቶሎ አስመዝግቡ። ክፍለ ሀገር ላለ ሰው ግን ነገሩ በጣም ይከብዳል።

ለአያት ውክልና በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ስጡ። የማሳከምና ትምህርት ቤት የማስገባት ሥልጣን በግልጽ ይጻፍበት። አለበለዚያ አያት በየቢሮው «ወላጅ ይምጣ» ይባላሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙዎቻችን ታብሌትና አሻንጉሊት እንልካለን። ሌሊቱን ሙሉ ከልጁ ጋር የሚነቁት ግን አያት ናቸው። በዚያው ብር በሳምንት ሁለት ቀን የምታግዛቸው ሰው ቅጠሩ። ለቅሶ ይድረሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳሙ፣ ትንሽ ይተኙ። «ጠበል ልውሰደው» ካሉም አትጣሉ። ልጁ እንዳይታሰር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ካለውም እንዳይቋረጥበት ብቻ ተስማሙ።

ስትደውሉ ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ የጠርሙስ ክዳን ይደረድራል። አያት አገጩን ይዘው «እናትህ ናት፣ ሰላም በላት!» ይላሉ። ይቅርበት። ስልኩ ወለሉ ላይ ይቁም፣ እናንተም ከዚያ ማዶ ክዳን ደርድሩ። ሰዓቱ አይቀያየር። አንድ ቀን ዞር ብሎ ሊያይ ይችላል፤ ባያይም አብራችሁት ናችሁ።

ለእረፍት ስትመጡ ደግሞ ልጁን ቦሌ አታስመጡት። እልልታውና ግርግሩ አይሆነውም። ቤት ስትገቡም ዘላችሁ አትቀፉት፤ ራሱ ይቅረባችሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ድግስ የለም በሉ። ዘመድ ቅር ይለዋል። ይበለው።