ከጅማ ተነስታችሁ ሩቅ አገር ስትበሩ የምትሳሳቱት ሂሳብ

ጅማ ቁጭ ብሎ ትኬት የሚሸጥ ሰው በየቀኑ የሚጠየቀው ያው ነው፦ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» እነግራቸዋለሁ። እነሱ ግን የሚያምኑት ራሳቸው ያሰሉትን ነው።

መነሻን ከመድረሻ መቀነስ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየአገሩ ነው። ከአዲስ አበባ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 8:00 ዋሽንግተን ይገባል የሚል ትኬት ብታዩ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው ብላችሁ ለዘመድ አትደውሉ። በእነሱ በጋ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ ስለዚህ ጉዞው 16 ሰዓት ተኩል ነው። በብርዳቸው ወቅት ልዩነቱ 8 ይሆናል፤ እነሱ ሰዓታቸውን ያዞራሉ፣ እኛ አናዞርም። ጅዳ ከሆነ ያለ ሐሳብ ቀንሱ፣ ሰዓታችን አንድ ነው።

00:30 የሚል ትኬት። ኧረ ስለ ፈጣሪ! «ረቡዕ 00:30» ማለት እኛ ማክሰኞ ሌሊት 6:30 የምንለው ነው። ማክሰኞ ማታ 3:30 ላይ ቦሌ መገኘት አለባችሁ። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ ሌሊቱን ከመሸው ቀን ጋር እንቆጥራለን። ልጃቸውን ለማየት የሚሄዱ አንዲት እናት ከነሸኚዎቻቸው ረቡዕ ማታ ቦሌ ደረሱ። ቡናው ተቆልቷል፣ በርበሬው ታሽጓል። ደወሉልኝ፦ «ልጄ፣ አውሮፕላኑ ሄዷል ይሉኛል፤ ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው!» ምን ልበላቸው? ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ትኬት ሳስረክብ «ማክሰኞ ማታ ከቤት ውጡ» ብዬ በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። ከፊሉ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

ኦገስት 12ን ነሐሴ 12 ብሎ ማንበብም አለ። ነሐሴ 6 ነው።

ርቀቱን ለፍጥነት ማካፈል። ከጅማ አዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአየር ግን 260 አካባቢ። የአገር ውስጡ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ይህን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይጨርስ ነበር፣ መንደርደሪያውን፣ መውጣት መውረዱንና ተራ መጠበቁን ብትተዉት። ፕሮግራሙ ላይ ግን ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል።

«ሲሄድ ያን ያህል ከፈጀ ሲመለስም ያው ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም። አዲስ አበባና ዋሽንግተን ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውም ነዳጅም ጢም አድርጎ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ሲመለስ ከዝቅተኛ ቦታ ይነሳል፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስም ይገፋዋል፤ በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ይገባል።

የመጨረሻው፣ የጅማውንና የውጭ አገሩን ትኬት ለየብቻ ገዝቶ መሃል ላይ ሁለት ሰዓት መተው። ክረምት ላይ ጅማ ዝናቡና ጉሙ ካስቀረው የውጩ በረራ አይጠብቃችሁም፣ ገንዘቡንም ላያስመልስላችሁ ይችላል። በአንድ ትኬት አስይዙ፣ ካልሆነ በዋዜማው አዲስ አበባ ገብታችሁ እደሩ።