ቁልቁለቱ አያታላችሁ፦ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሠሩ ስህተቶች

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ደሴ ነው የምሠራው። ሰሞኑን ቡአ ኦፕራሲዮን የሆኑ አንድ አባት ገና በሦስተኛ ሳምንታቸው ሆዳቸውን ደግፈው መጡ። «ምን ሆኑ ጋሼ?» ስላቸው «ኧረ ምንም፣ ፒያሳ ድረስ ወረድ ብዬ ነበር» አሉኝ። መውረዱማ ምን ችግር አለው፣ መመለሱ ነው እንጂ!

እዚህ ከተማ ስንት ጊዜ እንዳየሁት! ቁልቁል ሲሄዱ ትንፋሽ አይቆራረጥም፣ ቁስሉም ዝም ይላል፣ ሰውየው «አሁንማ ድኛለሁ» ብሎ ይቀጥላል። ፊቱን ሲያዞር ዳገቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ባጃጅ ለመያዝ ደግሞ ያፍራል። ጋሼም አስፋልት ዳር ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ነው ቤት የገቡት። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ዳገቱን ትንሽ ውጡ፤ ሲደክማችሁ ቁልቁለቱ ወደ ቤት ያመጣችኋል። ቤታችሁ ከላይ ከሆነ በራችሁ ላይ ያለችው ደልዳላ ቦታ ላይ ተመላለሱ። ጎረቤት ይስቃል፣ ይሳቅ። ደግሞ በደቂቃ እንጂ በቦታ አትለኩ። 5 ደቂቃ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፤ ካልከበዳችሁ በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፍጥነቱ በዝቷል። በማግስቱ ካመማችሁ ወደ ቀድሞው ደቂቃ ተመለሱ።

ማስታገሻ ውጦ ርቀት መጨመርም አለ። ሕመሙን አፍኖ መሄድ ነው፣ ተዉት።

ጠያቂ «አትነሺ፣ ደምሽ ይመለስ» እያለ ገንፎ ያጎርሳል። ገንፎው ይቀጥል። መተኛቱ ግን ጡንቻ ያመነምናል፣ እግር ላይም ደም ሊያረጋ ይችላል። አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት!

ክር ወጣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ቆዳው ቢገጥምም ከሥር ያለው ገና ነው፤ ሆዳቸው ለተከፈተ ሰዎች ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል ከ5 ኪሎ በላይ አታንሱ የሚሉት ለዚህ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 20 ኪሎ መሆኑን አትርሱ። እኔ ራሴ ትርፍ አንጀቴ በወጣ በአራተኛው ሳምንት፣ ሙያዬን ተማምኜ፣ የጦሳን ተራራ ልውጣ ብዬ ተነሳሁ። ግማሹን እንኳ ሳልደርስ ድንጋይ ላይ ተዘርፍጬ አንድ እረኛ ልጅ «አባባ፣ ልደግፍዎት?» አለኝ። ያኔ 30 ዓመት አልሞላኝም።

ሶላት ላይ ሩኩዕና ሱጁድ (ማጎንበሱና በግንባር መደፋቱ) የሚያማችሁ ወንበር ላይ ስገዱ፣ ዲኑም ይፈቅዳል።

ልብ ወይም አጥንት የተሠራላችሁ የእናንተ መጠን ሌላ ነውና የሠራላችሁን ሐኪም ጠይቁ።

ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ከርማችሁ የምትመለሱ ደግሞ አላችሁ። ሜዳው ጥሩ ነው፣ ሙቀቱ ሳይበረታ በማለዳ ከሆነ። ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከዚያ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትመጡ ከፍታው ትንፋሽ ስለሚያሳጥር፣ እዚያ የለመዳችሁትን 30 ደቂቃ ለመጀመሪያው ሳምንት 20 አድርጉት።