የሕፃንዎ አጥንትና ቫይታሚን ዲ፦ ለአዲስ ገቢ ወላጆች

ከምድር ወገብ ርቆ ወደሚገኝ አገር ሕፃን ይዘው የገቡ ወይም በዚያ ልጅ የወለዱ ወላጆች ቀድመው ሊያስቡበት የሚገባ ነገር የልጁ ቫይታሚን ዲ ነው። ሰውነት ይህን ቫይታሚን በአብዛኛው የሚሠራው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሲሆን፣ በእነዚህ አገሮች በቀዝቃዛዎቹ ወራት ፀሐይ ወጥታ ብትታይም ጨረሩ በበቂ መጠን አይደርስም። ጠቆር ያለ ቆዳ ያንኑ ያህል ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ መስታወትም ጨረሩን ስለሚያግድ ሕፃኑን መስኮት ሥር ማሞቅ አይጠቅመውም።

የእናት ጡት ወተት ለሕፃን ተወዳዳሪ የለውም፤ ቫይታሚን ዲው ግን በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጡት እያጠቡ፣ ከተወለደባቸው የመጀመሪያ ቀናት ጀምሮ በየቀኑ 400 ዩኒት፣ ማለትም 10 ማይክሮግራም፣ በጠብታ መስጠት በብዙ አገሮች ይመከራል። አንዱ ምርት ይህን መጠን በአንዲት ጠብታ፣ ሌላው በአንድ ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ሳያነቡ አይስጡ፤ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊትን ይጎዳል።

እጥረቱ ሲበረታ ሪኬትስ የሚባለው አጥንትን የሚያለሰልስ በሽታ ይከተላል፦ የእጅ አንጓ ያብጣል፣ እርግብግቢት ሳይገጥም ይቆያል፣ አንዳንዱ ሕፃን በካልሲየም ማነስ ይንቀጠቀጣል፤ የለሰለሰ አጥንትም በቀላሉ ሊሰበር ይችላል።

ገና የማይድህ ሕፃን ስብራት ሲገኝበት፣ ሐኪሞች ጉዳቱ ሆን ተብሎ የደረሰ እንዳይሆን የማጣራት፣ በብዙ አገሮችም ለሕፃናት ጥበቃ ክፍል የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ለወላጅ ይህን ያህል ልብ የሚሰብር ጥያቄ እምብዛም የለም፤ ሆኖም ተቆጥቶ ከመሄድ ይልቅ ሙያዊ አስተርጓሚ መጠየቅና ጠብታው መቼ እንደተጀመረ፣ ስንት ቀን እንደተዘለለ፣ ልጁ ያለ ጊዜው ተወልዶ እንደሆነ ሳይደብቁ መናገር ይሻላል። ዘመድ ወይም ጎረቤት እንዲያስተረጉም ባይደረግ እመርጣለሁ፤ አንዲት ቃል ብትዛነፍ ታሪኩ ይለወጣል። የቫይታሚን ዲ መጠን ማነሱ ብቻውን ስብራቱን ስለማያስረዳ፣ የአጥንትን ሁኔታ የሚያሳዩት የካልሲየም፣ የፎስፌት፣ የአልካላይን ፎስፋቴዝና የፓራታይሮይድ ሆርሞን የደም ምርመራዎች እንዲሁም የእጅ አንጓና የጉልበት ራጅ ታይቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ሕፃን የሚወለደው ከእናቱ ባገኘው ክምችት ስለሆነ፣ እናቲቱም አብራ ብትመረመር መልካም ነው።